ለሊያ ፈረስ ስንመርጥ

ሰኞ
ፈረስ ልንገዛ ሄደን የቁንጅና ውድድር አይተን ተመለስን። ልጃችን ሊያ በሚቀጥለው ወር በረሃ ላይ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ትጋልባለች። ፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ሳቃራ መንደር ያለ የፈረስ ደላላ አንድ አምባላይ ድንጉላ አወጣልን። "ያ ባሻ፣ የዚህን አባት ብታውቅ!" ባሌን ጌታሁንን በዓረብኛ ባሻ፣ ጌታዬ፣ ካሉት አለቀ። ፈረሱን ዓይኑ ስር ነካ አደረግኩት፤ ጣቴ አብለጨለጨ። ዘይት! እንደ ሙሽራ ኩለውታል።

ማክሰኞ
ጌታሁን የጠየቀው፦ የአያቱን ስም፣ ሽልማቱን፣ ጭራውን ስንት ጊዜ እንደሚያነሳ።
ያልጠየቀው፦ ኮቴውን፣ እግሩን፣ አሸዋ ረግጦ ማወቁን።
"አባ፣ ፊቱ ላይ አይደለም የምቀመጠው" አለችው ሊያ።
"ዝም በይ፣ የሚሮጠው ዘሩ ነው።"
ሰውዬው እኮ ከበቅሎ ሌላ ተቀምጦ አያውቅም። እሷም ጥላዋለች። ባለፈው ዓመት የሊያ ጓደኛ ፈረሷ አሸዋ ላይ ተደፍቶባት ትከሻዋ ወልቋል። እኔ የማስበው ያንን ነው።

ረቡዕ
የደላላው ሽማግሌ ፈረስ ጠባቂ ዓም ሰይድ፣ እንደኛ ጋሽ ሰይድ፣ ሊያን በዓይን ጠቅሰው ወደ ጎረቤት ጋጣ ወሰዷት። ሳልጠራ ተከተልኩ፤ ጌታሁንም እያጉረመረመ መጣ። የባለጋጣዋ የሐጃ፣ በእነሱ አፍ የሐጋ ናዲያ፣ ዳማ ባዝራ፦ አጭር ጀርባ፣ ደንዳና ኮቴ፣ የተቀደደ ጆሮ። የዘር ወረቀትም አላት፤ ሐጋ የሚያስቀምጡት ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።
"ይቺን ለማን አሳያለሁ?" አለ ጌታሁን።
ለካ የሚገዛው ለቢሮው ግድግዳ ፎቶ ነው።

ዓርብ
ሁለቱንም አሸዋ ላይ ሞከርናቸው። ሊያ ባዝራዋን፣ የደላላው ሰው ድንጉላውን። ሲመለሱ ዓም ሰይድ መዳፋቸውን ከፈረሶቹ የፊት እግር ኋላ ደረት ላይ አድርገው ሰዓት እያዩ የልብ ምታቸውን ቆጠሩ። የባዝራዋ ወዲያው ረጋ። የድንጉላው እስኪሰለቸን ደለቀ፤ የፊት እግሩንም ያነክስ ጀመር።
"ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ ሙቀቱ ነው" አለ ደላላው። ባዝራዋ ጥላ ስር ሮጣ መሆን አለበት!
ጌታሁን ታዲያ "እንዳልኳችሁ ባዝራ ይሻላል፣ ያዕኒ፣ ማለቴ..." ብሎ አፏን እንደ መሳቢያ በረገደው። ሐጋ ናዲያ ገመዱን ነጠቁት። "ኸላስ፣ በቃ! ለአንተ አልሸጥም። ልጅቷ ትጋልባት፤ ከተዋደዱ ከእሷ ጋር እነጋገራለሁ።"
ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ
ጌታሁን ከጠዋት ጀምሮ ለወዳጆቹ እየደወለ ባዝራ እንዴት እንደመረጠ ያስረዳል። ያስረዳ።
ሊያ ከልምምድ ደወለች። "እማ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ራሷ ቆመች። አየችው፣ ከዚያ በጎን ዞራ ወረደች።"
ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ከመርገጧ በፊት ያየች ባዝራዋ ብቻ ናት። አሁንም እፈራለሁ። ግን ዛሬ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።