ወደ ኋላ የዘለልኩት መጥረጊያ

ጁን 5፣ 1864

እሑድ። ባቄላ ለቀምኩ። ልጄን ዴልፊን አጠብኳት፤ እንደ ድመት ቧጠጠችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ውሃ ግን ገና ጠላቷ ነው።

ጊዲዮን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን እየሰፋ ይዘፍናል። ባሌ ሁሉ ነገር ተሰጥቶታል፣ ድምፅ ብቻ ተከልክሏል። "ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ሊያቆሙ ነው" አልኩት። "አንቺን በዚሁ ድምፅ አይደል ያገባሁሽ" አለኝ። ውሸቱን ነው። እንደ ማንኛውም ባሪያ በመጥረጊያ ነው የተጋባነው። ሁላችን አክስት የምንላት አሮጊቷ ኬዚያ መሬት ላይ አጋደመችው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘለልነው፣ አለቀ። ለእኛ ቄስም ወረቀትም የለ። መጥረጊያው እስከ ዛሬ ከበራችን በላይ ተሰቅሏል።

ጫማውን ለምን እንደሚሰፋ አልጠየቅኩትም። ለምን ይሆን ያልጠየቅኩት?

ጁን 8

ጠየቅኩት። ሊዘምት ነው።

ጦርነቱ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ደቡቡ ባሪያዬን አልለቅም ብሎ የተነሳበት ጦርነት... የእኛዋ ኬንታኪ ከሰሜኑ ጋር ቆማለች፣ ባሪያዋን ግን እንደያዘች! የሊንከን የነጻነት አዋጅ እንኳ የደቡቡን ባሪያ ነጻ ነህ ብሎ እኛን ዘሎን ሄደ። አሁን ግን የሰሜኑን ጦር ሰማያዊ ኮት የለበሰ ጥቁር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነጻ ነው አሉ።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺማ... ቀጥሎ።"

"ቀጥሎ መቼ ነው?"

"ሉሲንዳ፣ አንዳችን ቀድመን ካልወጣን ሁለታችንም እዚሁ ነው የምናረጀው።"

"እስከዚያ እኔ ላረጅልህ ነዋ!"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጁን 11

ሄደ። ዴልፊ እንደተኛች ግንባሯን ሳማት። ሲወጣ መጥረጊያውን በእጁ ነካ አደረገው። ዞር ብሎ አላየኝም... አውቆ ነው። ቢያየኝ አይሄድም ነበር።

ጁን 13

ጌታው ታልቦት ሆዱን እያስቀደመ መጣ።

"ባልሽ የታለ?"

"ስነሳ አጣሁት፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው የእሱንም ሥራ አንቺ ትሠሪዋለሽ። ቃጫው እሱን ቆሞ አይጠብቅም።"

ኦገስት 21

የቃጫ አጨዳ። ተክሉ ቁመቴን በእጥፍ ይበልጣል። ወገቤ የኔ አይደለም።

ጋሪ ነጂው ወሬ አመጣልኝ። ጊዲዮን ፈረሰኛ ጦር ገብቷል። ፈረስ! የታልቦትን አሮጌ በቅሎ የሚፈራ ሰው! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ኖቬምበር 29

ከጊዲዮን ምንም የለም።

ከወዲያኛው እርሻ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ባሎቻቸው ወዳሉበት የጦር ሰፈር ኮብልለው ነበር። ሠራዊቱ ራሱ በዚህ ብርድ አባረራቸው። አንዲት ሕፃን መንገድ ላይ ቀረች... እኔም ዴልፊን ይዤ ልነሳ ነበር። አሁን የት ይኬዳል?

ዲሴምበር 9

ታልቦት ዴልፊን ሊወስድብኝ ነው። ደቡብ ላለው ወንድሙ ሊሰጣት።

"የወታደር ዘር እህሌን አይበላም" አለ።

እግሩ ላይ ወደቅሁ። በእናቴ ሞት እንኳ እንዲህ አልወደቅሁም።

"የወታደር ሚስት መሆንሽን ተዪዋ" አለኝ። "እናንተ ሰዎች ስትፋቱ መጥረጊያውን ወደ ኋላ ትዘሉት የለ? እሑድ በሰው ሁሉ ፊት ዝለዪ። ልጅቷ ትቀርልሻለች።"

ልማዳችንን እንዲህ አጥርቶ ማወቁ! ደግሞ ፈገግ እያለ።

ዲሴምበር 11

ዘለልኩ።

አክስት ኬዚያ መጥረጊያውን ከበሩ በላይ አውርዳ አጋደመችው። "ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ እኮ" አለችኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ።

"ምን ላድርግ አክስቴ? ልጄን ልስጥ?"

ታልቦት "ባሌ አይደለም በዪ፣ ጮክ ብለሽ!" አለ።

"ጊዲዮን ባሌ አይደለም" አልኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ዘለልኩ። ዴልፊ ጨዋታ መስሏት አጨበጨበች። "እማ፣ ድገሚው!"

ጊዲዮን ቢሰማስ? ማን ይነግረው ይሆን? ምን ብሎ?

ጃንዋሪ 22

የቃጫ ቅጥቀጣ። መቀጥቀጫው ለወንድ ጉልበት የተሠራ ነው። እጄ ተልጧል፣ ብዕር አልይዝ አለኝ።

ፌብሩዋሪ 12

ቀኑን ሙሉ ከጊዲዮን ጋር ስከራከር እውላለሁ። በልቤ ነው። "ለልጅህ ስል ነው" እለዋለሁ። አንዳንዴ "ደግ አደረግሽ" ይለኛል። አንዳንዴ ፊቱን ያዞርብኛል። ዛሬ አዞረብኝ።

ማርች 19

አዲስ ሕግ ወጣ። የወታደር ሚስትና ልጆች ነጻ ናቸው! የጋብቻ ወረቀት አይጠየቅም፤ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን የሚመሰክር ሰው ካለ ይበቃል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይጮሃል፣ ይተቃቀፋል፣ ድስት ይደበድባል።

ታልቦት ከበረንዳው ጠራኝ። "አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? ባል የለሽ!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ? ልጄን ላተርፍ ብዬ ልጄን በባርነት አሠርኳት። በገዛ እግሬ!

ማርች 25

ከተማ ወረድን፣ የሠራዊቱ ሹም ዘንድ። ታልቦትም መጣ። አክስት ኬዚያ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ መንገዱን በእግሯ መጣችው፣ መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ ተሸክማ።

ታልቦት አስቀደመ። "ይቺ ሴት ባሏን በሰው ፊት ፈትታለች። መጥረጊያዋን ወደ ኋላ ዘላለች።"

ሹሙ ግራ ገባው። ወጣት ነው፣ የሰሜን ሰው። "የምን መጥረጊያ?"

አክስት ኬዚያ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችለት። ቀለሙ ሊደፋ ነበር። "ይሄ ነዋ! የኛ ቄስ ይሄ ነው። ያጋደምኩላቸው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ሕጉን እኔ ልንገርህ ልጄ። ሁለት ሆነው የዘለሉትን አንዷ ብቻዋን አትመልሰውም። ባል የታለና ነው የፈታችው?"

"ሕጉ መጥረጊያ አያውቅም፣ እማማ" አለ ሹሙ።

"አያውቅማ? መጥረጊያ ካላጋባ መጥረጊያ አያፋታም! አንዱን ይዘህ አንዱን አትጣል።"

ውጭ የቆሙት ወታደሮች ሳቁ። ታልቦት ቀላ። "በአፏስ? ባሌ አይደለም ብላለች። አላልሽም?"

"ብያለሁ" አልኩ። ምን ልበል? ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።

ሹሙ "ባልየው ራሱ ቀርቦ ይናገር። ከዲሴምበር ወዲህም ሚስቴ ናት ካለ ነጻ ነሽ" አለኝ። እስከዚያ ዴልፊን ማንም እንዳይነካት ታልቦትን አስጠነቀቀው።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በጊዲዮን አፍ ላይ ነው። ሰምቶ ከሆነስ? "አላውቃትም" ቢልስ? ልፈርድበት አልችልም።

ኤፕሪል 10

ደወል። የደቡቡ ጦር እጁን ሰጠ! አለቀ! ሰው እያለቀሰ ይስቃል። እኔ ለጊዲዮን የምለውን እየተለማመድኩ ነው። ይቅርታ ልጀምር ወይስ ዴልፊን ላስቀድም? ዴልፊን አስቀድማለሁ። ጥርሷ ወልቋል፣ ያንን ሲያይ ይስቃል።

ኤፕሪል 18

ሊንከንን ገደሉት። ከተማው ጥቁር ለብሷል።

ፈረሰኞቹ ገቡ። የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። ጊዲዮን የለም። አብነር የሚባል አንድ እጁ የተቆረጠ ወታደር የጊዲዮንን ስም ስጠራ ሰምቶ መጣ።

"የዘፋኙ ሚስት ነሽ?"

ዘፋኙ! ነኝ አልኩት።

ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ወዲያ የነገረኝን እንዴት ልጻፈው... ተራራ ላይ በውጊያ ነው የሞተው አለኝ፣ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ። ከፈረሱ አልወረደም አለኝ። "መጥፎ ጋላቢ ነበር፣ ግን አልወረደም።"

ኦክቶበር።

ኤፕሪል 19

አብነር ሹሙ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ሹሙ ጠየቀኝ።

"በሞተበት ቀን ሚስቱ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"የዘለልሽው ዲሴምበር ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው የሙት ባል አይፈታም። ነጻ ነሽ። ልጅሽም።"

ታልቦት ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። አክስት ኬዚያ አቀፈችኝ።

ለካ ስዘል እሱ አፈር ውስጥ ነበር። አልሰማም። አልተቀየመም። ክረምቱን ሙሉ የተከራከርኩት ከሙት ጋር ነው። ሞቱ ነጻ አወጣኝ... ምን ያደርግልኛል? በሕይወት መጥቶ "አላውቃትም" ቢለኝ በተሻለኝ። ባሪያ ሆኜ ብቀር፣ ብቻ እያየሁት!

አይ... ዴልፊስ? ምን እያልኩ ነው?

ሜይ 14

እሑድ። ከተማ ነን። የሰው ልብስ አጥባለሁ፣ አክስት ኬዚያም አብራን ናት። ክፍላችን ጠባብ ናት፣ ግን በሯን ከውስጥ እዘጋታለሁ።

ለዴልፊ አባቷ እንደማይመጣ ነግሬያታለሁ። ገባት አልገባት እንጃ። ስትጫወት ትዘፍናለች። ድምፅዋ እንደ አባቷ ነው፣ ዶሮ ያስበረግጋል። ዝም በዪ አላልኳትም።

ዛሬ መጥረጊያውን ወለሉ ላይ አጋደመችው። "እማ፣ እንደዚያን ቀን ወደ ኋላ ዝለዪ!"

"አልችልም" አልኳት። "ለእሱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።"

መጥረጊያውን አነሳሁት። ከበሩ በላይ ሰቀልኩት።