በልማድ የወጣች እጅ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፤ ማታ

የሰው መጋረጃ ጭኔ ላይ ነው። ጠርዙ አላለቀም። መርፌው ሁለቴ ወጋኝ። ዛሬ እጄ የእኔ አይደለችም፣ ደብተሬ።

ልንገርሽ። አዲሱ የወረዳችን ም/ቤት ዛሬ የመጀመሪያ ስብሰባው። እኛ አብላጫ! አምስት ዓመት ሙሉ ከኋላ፣ መስታወቱ በተሰበረው መስኮት ሥር ብርድ ሲመታን የኖርነው ተቃዋሚዎች ከፊት። እነሱ ከኋላ። የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ። የምንበልጣቸው ግን በአንድ ወንበር ብቻ። በላይ፣ ባለቤቴ፣ ያቺ አንድ ወንበር ያንቺ ናት እያለ ያሾፍብኛል።

አፈ ጉባኤዋ አጀንዳውን አነበቡ። የራሳችን አጀንዳ፣ እኔም ያዘጋጀሁት። የሚደግፍ አሉ። አወጣሁ። የሚቃወም አሉ። እጄ እንደገና ወጣች! ብቻዋን! አምስት ዓመት «የሚቃወም» ሲባል መውጣት የለመደች እጅ፣ ማን ይንገራት ማሸነፋችንን።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ያለፈው ም/ቤት አፈ ጉባኤ እሳቸው ነበሩ። አሁን የተቃዋሚው መሪ። በሰፈራችን በሀና ማርያም ደግሞ ጎረቤቴና የእድራችን ዳኛ ናቸው። እዚያ ጋሼ ደምሴ፣ እዚህ አቶ ደምሴ።

ያልሳቀው ወንድወሰን ብቻ። የእኛ ቡድን መሪ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ዝናብ። የመጋረጃ ሱቄ ያለበት ሀይሌ ጋርመንት ጭቃ በጭቃ፤ ዝር ያለ ሰው የለም። በዚህ ወር መጋረጃ ማን ይቀይራል።

የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ም/ቤቱ የወረዳውን ሥራ የሚቆጣጠር ቋሚ ኮሚቴ አለው። መንገድ፣ ቦይ፣ ግንባታ፣ ሁሉን የሚያይ። እነ አቶ ደምሴ ሰብሳቢነቱን ስጡን አሉ። እናንተ ሥሩ፣ እኛ እንይ ነው ነገሩ። ወንድወሰን አንድ ወንበር እንኳ አይሰጣቸውም ባይ ነው። እነሱ መቼ ሰጡን?

እውነቱን ነው። የሰፈራችን የጎርፍ ቦይ ግማሹ ተቆፍሮ ሲቀር ሪፖርቱን አሳዩኝ ብዬ ስንቴ እጄን አወጣሁ። አቶ ደምሴ መድረኩ ላይ ሆነው በእጄ አናት አሻግረው ያያሉ። ጊዜ የለንም ይላሉ። ከዚያ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው ይዘጋሉ። እኛ ከድሩ አልተቆጠርንም።

ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ። ላንቺ አልዋሽም። ይቅመሷት። ግን ደስታው ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። ቦዩ አሁንም አፉን ከፍቷል፤ አሁን ደግሞ የእኛ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ልብሴ አልደረቀም። ገጽሽን ካረጠብኩ ይቅር በይኝ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም። የእድር ጥሩንባ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ። ሰፈሩ በሙሉ ማን ሞተ እያለ ወጣ። ጋሼ ደምሴ ሱሪያቸውን ጠቅልለው መንገዱ መሀል ቆመዋል። ማንም አልሞተም፣ ገና ማንም አልሞተም ይላሉ። ቦዩ ሞልቶ አሮጊቷ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቤት ገብቷል። እትዬ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ አልጋ ላይ ናቸው። ጋሼ ደምሴ ናቸው ጥሩንባ ነፊውን ንፋ ያሉት። ለሞት ብቻ የሚነፋውን ጥሩንባ ለጎርፍ! አንዳንዱ ሽማግሌ ሟርት ነው ብሎ ተቆጣ። ግን ሁሉም ወጣ። ጥሩንባ ባይሆን በዚያ ዝናብ ማን ይወጣ ነበር?

እትዬ ብርቄን ከነአልጋቸው አወጣናቸው። የእድሩን ድንኳን ሸራ አምጥተን ከላያቸው ወጠርን። አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ጋሼ ደምሴ። እንደዚያ ቆመን ጠየቅኋቸው። ያኔ ሪፖርቱን ለምን አላሳዩኝም? የሸራውን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠምጥመው፦

«እኔስ መች አየሁት? ኮሚቴው ውስጥ ሁላችንም አንድ ወገን ስለነበርን ማናችንም አላነበብነው።»

ይቅርታ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አላሉም። ከፍ አድርጊው እንጂ ልጄ፣ ውኃ አቆረብን አሉኝ። ተናደድኩ። ከፍ አደረግሁት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

ለቡ፣ ወንድወሰን ቢሮ። የቡድናችን ስብሰባ። ታክሲ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

ገና ሳልቀመጥ ወንድወሰን ስልኩን አሳየኝ። ፎቶ። እኔና አቶ ደምሴ ሸራ ወጥረን፣ ፊት ለፊት። ከሥሩ አንዱ ተስማሙ ብሎ ጽፏል። ምን ተባባላችሁ አለኝ። ውኃ አቆረ ተባባልን አልኩት። አላመነኝም። የሰኞዋን እጅ ነገርም አነሳ። ስህተት ናት ወይስ ምልክት አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። በእነሱ ጊዜ ከሥራው ያፈናቀሉት ሰው ነው። ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤቱ ተቀምጧል። ቁጥጥሩን ብንሰጣቸው እያንዳንዷን ስህተታችንን እየለቀሙ ይጥሉናል ይላል። አይጥሉንም ልል አልችልም።

አንድም ወንበር እንዳይሰጣቸው ድምፅ ተሰጠ። የሚደግፍ፣ ሁሉም። የሚቃወም ሲባል እጄን ጠበቅኋት። ጉልበቴ ላይ ጋደም ብላ ቀረች። ያልተጠራች ለታ የምትወጣ፣ ብፈልጋት የለችም! ማክሰኞ ም/ቤት ውስጥም ሁላችንም አንድ ላይ እንድናወጣ ተወሰነ። ያፈነገጠ ከቡድኑ ይወጣል።

አፈርኩ። በራሴ አፈርኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ቅዳሴ። አንድም ቃል አልገባኝም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።

ማክሰኞ ላፈንግጥ ወይ ብዬ በላይን ጠየቅሁት። ተዪ ሳይል ሂጂ ሳይል፣ ከቡድኑ ብትወጪ ከማን ጋር ትቀመጫለሽ አለኝ። እነሱ ጋ? እነሱንማ ገና አላመንኳቸውም። እኛ ጋ? አያስቀምጡኝም። ታዲያ ከማን ጋር? ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላ አለኝ።

እትዬ ብርቄን ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ልጃቸው ቤት ናቸው። ያ ቦይ በናንተ ጊዜስ ያልቃል አይደል አሉኝ። ያልቃል አልኩ። ማን ያያል አላሉም። እኔ ነኝ ለራሴ ያልኩት። ሁላችንም አንድ ወገን ሆነን ማን ያነበዋል?

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

ሁለት መጋረጃ አበላሸሁ። ወንድወሰን ደወለ። አጭር። በእኛ በኩል ነሽ አይደል? በእናንተ በኩል ነኝ አልኩት። እውነቴን ነው። እሱ የሰማውና እኔ ያልኩት ግን አንድ አልመሰለኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14፤ ከሰዓት

ሱቅ ዘግቼ ውስጥ ተቀምጫለሁ። እንዳልረሳው ቶሎ ልጻፈው።

አዳራሽ ሞልቷል። ጋሼ ደምሴ ከተሰበረው መስኮት ሥር፣ የእኔ የድሮ ወንበር ላይ፣ በጋቢ። አላዩኝም። ወንድወሰን የውሳኔ ሐሳቡን አነበበ። ኮሚቴው በሙሉ በአብላጫው ይመራ። የሚደግፍ ተባለ። የእኛ ረድፍ በእጅ ተሞላ። የእኔ የለችም። ማንም ልብ አላለም፤ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሰፊ ነው።

የሚቃወም።

አወጣሁ። ከኋላ የእነሱ፣ ከፊት የእኔ ብቻዋን።

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። የሰኞው መስሏቸው! ወንድወሰን ሳይቀር ፈገግ አለ፤ እፎይ ያለ ነው የሚመስለው። አፈ ጉባኤዋ ደግ ሴት ናቸው። ዛሬም በልማድ ነው ወይስ ብለው ቆጠራውን አቆሙልኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ፣ ደብተሬ። አዎ ብዬ እጄን ባወርድ አብረውኝ ስቀው ይረሱት ነበር። ቡድኔም፣ ወንበሬም፣ እንቅልፌም ይተርፉልኝ ነበር።

አሁን በልማድ አይደለም አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። እጄ ግን ቀጥ አለች። ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

የውሳኔ ሐሳቡ በአንዲት ድምፅ ብልጫ ወደቀ። በዚያችው ድምፅ የእነሱ ጥያቄ አለፈና ቁጥጥሩ ለእነ ጋሼ ደምሴ ሆነ። ስወጣ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ምስጋና የለ፣ ምን የለ። የቦዩን ሪፖርት ከነገ ጀምሮ እጠይቃችኋለሁ፣ ካላቀረባችሁ አለቅም አሉኝ። እንዲያውም ተቆጡ። እኔም አይልቀቁን አልኩ።

ስልኬ እየጮኸ ነው። ወንድወሰን። አራተኛው ነው። ምን እንደምለው አላውቅም፣ ግን አነሳዋለሁ