አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ

እኔ የዚህ ቤት ባለቤት፣ የሟቹ የጭነት መኪና ሾፌር ሚስት የነበርሁ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ የዝናቡ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን እናዘዛለሁ። ቃሌን የሚጽፈው ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጎረቤቴ ነው። ምስክሮቼ ጠመንጃ ጠጋኙና ከማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጄና ዋርሳዬ፣ ማለትም የባሌ ታናሽ ወንድም፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዋርሳዬ ከመጣ ጀምሮ ሰዓቱን ያያል።

በመጀመሪያ ስለ ጠመንጃው። ከራስጌዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጣሊያን ሠራሽ የወታደር ጠመንጃ የባሌ አባት፣ የአማቴ ነበር። ጦር ሜዳ ላይ ማረክሁት ይሉ ነበር። ከሆዱ ሥር ያለውን ቀዳዳ ለእንግዳ ሁሉ እያሳዩ፣ ለእርሳቸው የተተኮሰ ጥይት እዚያ ላይ አርፎ እንዳተረፋቸው ይተርካሉ። እንግዳውም ጣቱን ከትቶ ራሱን ይነቀንቃል። ሲሞቱ፣ «ነፍሴን ያተረፈ ነውና ከዚህ ግድግዳ ሌላ እንዳይሰቀል፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ሳይኖር ጀምበር እንዳትጠልቅበት» ብለው አዘዙ። ባሌ ኑሮው መንገድ ላይ ነበር። ዋርሳዬ ሚስት አግብቶ ሌላ ሰፈር ቤት ሠራ። ትእዛዙ ለቤተሰቡ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን እኔ ብቻ ሆንሁ።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት ውጭ አድሬ አላውቅም። እህቴ ሌላ ከተማ ታማ በተኛች ጊዜ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለስ ነበር። በሞተችበት ሌሊት እጇን የያዘችው ልጇ ብቻዋን ናት፤ እኔ እዚህ ብረት እጠብቅ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለእህቴ አንድ ሌሊት አለብኝ። ሌላ ዕዳ የለብኝም፤ ይህንንም ለወራሽ አላወርስም።

ጠመንጃውን በየወሩ ዘይት የምቀባው እኔ ስለሆንሁ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የቀዳዳው ጠርዝ ልስልስ ነው፤ ቅርጹም አራት ማዕዘን። ጥይት በማስመሪያ ለክቶ አይበሳም። ይህን ለባሌ ብነግረው «አርፈሽ ቀቢ» አለኝ። አርፌ ቀባሁ። ባለፈው ወር ግን አማቴ በርሜሉ ላይ ያሰፉት ቆዳ በስብሶ እጄ ላይ ተበጣጠሰ፤ ከሥሩም የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ተቀርጾ አገኘሁ።

ጠመንጃ ጠጋኙን አስጠራሁት። አገላብጦ አይቶ የነገረኝ እንዳለ ይጻፍ፦ «እማማ፣ ይሄ ቀዳዳ እኮ ከፋብሪካው ነው፤ የዚህ ዓይነቶቹ ሁሉ አላቸው። ጥይቱ ስድስት ስድስት ሆኖ፣ በቆርቆሮ ታቅፎ ከላይ ይገባል። የመጨረሻዋን ሲጎርስ ባዶው ቆርቆሮ በዚህ በኩል ዱብ ይላል። ዓመቱንም ይዩት፤ ሰውዬው ማረክሁት ካሉበት ውጊያ በኋላ ነው የተሠራው። ኋላ ትርፍ ሲሆን በሳጥን በሳጥን ለገበያ ወጣ። እሳቸውም ገዝተውት ይሆናል።»

እዚህ ላይ ዋርሳዬ አቋረጠኝ፤ እርሱም ይጻፍለት፦ «እትዬ፣ አባቴን ከሞተ በኋላ ውሸታም ልታስብሉት ነው?»

አላስብላቸውም። አማቴ ጦር ሜዳ መዋላቸውን ጭናቸው ላይ የነበረው ጠባሳ ይመሰክራል፤ በመጨረሻ ሕመማቸው ያጠብኋቸው እኔ ነኝ። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ቢሰቅል አልፈርድበትም። የምፈርደው እኔን ከሥሩ በማሰራቸው ነው።

ስለዚህ ጠመንጃውን፣ የተሰቀለበትን ሚስማር፣ የዘይቱን ጣሳና መጥረጊያ ጨርቁን ለዋርሳዬ ሰጥቻለሁ። ለአባቱ ክብር ከእኔ ይልቅ እርሱ ይቆረቆራልና እርሱ ይጠብቀው። የልብስ ስፌት መኪናዬን ለልብስ ሰፊዋ ላወርሳት ነበር፤ የእርሷ መኪና ክር ሲበጥስ ስትራገም እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ጸሐፊው ምስክር አይወርስም ስላለኝ ዛሬውኑ በሕይወቴ ሰጥቻታለሁ፤ ስትሄድ ትውሰደው።

ቤቱ የልጄ ነው። ትሽጠው፣ ታከራየው፣ ትቆልፈው፤ ለእናቴ መታሰቢያ ብላ እንድትቀመጥበት ግን አልፈቅድም። የወደብ ከተማው ማተሚያ ቤት ለሥራ ፈልጓት መልሷን ይጠብቃል። ዋርሳዬ ግን ከእኔ በኋላ የጠመንጃው ጠባቂ እርሷ እንደሆነች በዘመድ ፊት ተናግሯል። እርሷም አሁን፣ «እማዬ፣ አንቺን እንዲህ ሆነሽ ጥዬሽ የት እሄዳለሁ? ሌላ ሰው ይፈልጉ» ትላለች።

ልጄ ሆይ፣ ጠመንጃውን አውርደሽ በቦታው እኔን እንዳትሰቅይ። የእኔ ዕድሜ እዚህ ክፍል ውስጥ አልቋል፤ ያንቺን ግን ማንም አይወስድብሽም፣ እኔም ጭምር። ነገ ጠዋት እሺ በያቸው። ስለ እኔ አታስቢ፤ የእህቴ ልጅ መኪና ይዛ ደጅ ቆማለች፣ በእናቷ ቤት ክፍልም አሰናድታልኛለች። ዛሬ እዚህ አላድርም። የእህቴን ሌሊት ራሴ እከፍላለሁ።

ይህ ጽሑፍ ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ፣ በወንበር ተሸክመው አውጥተውኝ፣ ከግቢው በር ውጭ፣ መንገዱ ላይ ሆኜ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ጠመንጃ ጠጋኙ (ፊርማ)፤ ልብስ ሰፊዋ (የጣት አሻራ፤ እጇ መኪናውን ስለያዘ በግራዋ)

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ የተናዛዥዋ ዋርሳ ኑዛዜውን መስማቱን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ከደጅ ደጋግመን ጠራነው። ጀምበር እየጠለቀች ስለነበር፣ ጠመንጃው ብቻውን ይቀራል ብሎ ከቤት አልወጣም።