ለሰባት ሰው የበቃ አንድ ጠባይ

ለተከበሩ የስነ ልቦና ትምህርት ክፍል ኃላፊና የመግቢያው ኮርስ መምህራችን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን፣ መነጽርዎንና ያቺን የኋላ ወንበር ድረስ ደርሳ የማታውቅ ድምፅዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን።

በመቀጠል አንድ ከባድ ዜና በታላቅ ሐዘን አሳውቃለሁ፤ የቆማችሁ አንባቢዎች ተቀመጡ። ከዚህ ግቢ አንድ መሐንዲስ ገና ሳይመረቅ ሊጠፋብን ነው። አጥፊው እኔ ነኝ። መሣሪያውን በሦስት ክሬዲት ያቀበሉኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ቆጥሬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ብለጥፍ እንደ ድፍረት እንዳያዩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ። ለማንም የሚሆን ጠባይ ተጽፎ ቢሰጠው ሰው ሁሉ «ይኼማ እኔ ነኝ» እንደሚል በስድስተኛው ሳምንት ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት ሰው የማሞኘው በግምት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በእውቀት ሆኗል። የቤት ሥራውም «በምታውቋቸው ሰዎች ላይ ሞክራችሁ ሪፖርት አቅርቡ» የሚል ስለነበር፣ ለእኔ ቢጤው ቀልደኛ ይህ ፈቃድ ሳይሆን ሹመት ነበር። አንዲት ገጽ ጻፍኩ፦ «ከውጭ የረጋህ ብትመስልም ውስጥህ ይጨነቃል። ያልተጠቀምክበት ትልቅ ችሎታ አለህ። ሰዎችን የመረዳት ልዩ ስጦታ ስላለህ፣ አሁን ያለህበት መንገድ ላይመጥንህ ይችላል።» ሰባት ኮፒ አስነስቼ፣ በየፖስታው ላይ ስም ጽፌ፣ መጠይቅ ለሞሉልኝ ሰባት የዶርም ጓደኞቼ «በኮምፒውተር የተተነተነ ውጤታችሁ ነው፤ ምስጢር ስለሆነ አንዳችሁ የሌላውን እንዳታዩ» ብዬ አደልኩ።

ሁለተኛ። ስድስቱ እንደ ወጉ ተደነቁ፤ እንዲያውም አንዱ «እናቴ እንኳ እንዲህ አታውቀኝም» ብሎ አቀፈኝ። ሰባተኛው ግን እግሩ ከአልጋ ስለሚተርፍ ቀጭኔ የምንለው ልጅ ነው። ቀጭኔ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። አባቱ ግንበኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ሰው በነደፈው ቤት ላይ ድንጋይ ሲደረድሩ ኖረው፣ ልጃቸው የሚነድፈውን አንድ ቤት ሳይገነቡ መሞት አይፈልጉም። በሳምንቱ ቀጭኔ የንድፍ ማስመሪያዎቹን ለጎረቤት ዶርም ሰጥቶ መጣና «ወንድሜ፣ ዓይኔን ገለጥክልኝ» አለኝ። ምህንድስናን ትቶ ወደ እርስዎ ትምህርት ክፍል የሚዛወርበትን ቅጽ ሞልቶ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጧል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል።

ሦስተኛ። ማበላሸቱ በመግቢያው ኮርስ፣ መጠገኑ በሦስተኛ ዓመት እንዲሰጥ ሥርዓተ ትምህርቱን ላሰናዱት ሁሉ ክብር ይድረሳቸው። ከክፍል ሲወጡ ተከትዬ «ያመነውን ሰው እንዴት ነው የሚመልሱት?» ብዬ ስጠይቅዎ «እሱ የሦስተኛ ዓመት ትምህርት ነው፤ አትቸኩል» ብለው አጽናንተውኛል። ሪፖርቴ ላይም በቀይ «ሰባት ከሰባት አመኑ፤ ግሩም!» ብለው ጽፈው አሥር ከአሥር ሰጡኝ። ሰባቱ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ ብለው አልጠየቁም። እኔም አሥሯን ለማሳየት እንጂ እውነቱን ለመናገር ስሮጥ ያየኝ የለም።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አቋረጥኩት። እርስዎን ልከስበት የሰበሰብኩት ቃል ሁሉ ዞሮ እኔኑ ያየኛል። ብዕሬን አስቀምጬ፣ የስድስቱን ወረቀት ለቅሜ፣ ቀጭኔ አልጋ ላይ ደረደርኩለት።

አንድ በአንድ አነበበ። ስድስተኛውን ሲጨርስ «ነጠላ ሰረዟ እንኳ አንድ ቦታ ናት» አለ። ይቅርታ ልለው ስል ቀደመኝ። «ለአባቴ ደውዬ ነግሬያቸው ነበር እኮ። ‹አንተን ደስ ያለህን ተማር፤ ቤቱ ይቆያል› አሉኝ» አለ። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚህ ያመመኝ ግን የለም።

አብረን ቢሮዎ መጣን። ክፍል ነበሩ፤ ጸሐፊዎ አስገቡን። ቅጹን ከአሥራ አንድ ቀን በኋላም ሳይነበብ፣ ሳይፈረም፣ ከሻይ ብርጭቆዎ ሥር ተነጥፎ አገኘነው። ስለ መዘግየትዎ ስንት ጊዜ አምቼዎታለሁ! ሰው ያዳነ ስንፍና እንዲህ በዓይኔ አየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ቀጭኔ ቅጹን ቀዶ ማስመሪያዎቹን ሊያስመልስ ሄደ፤ በእኔ ላይ ደግሞ አባቱ ዘንድ ራሴ ደውዬ እንድናዘዝ ፈረደብኝ። ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፣ አንተስ በልተሃል?» አሉኝ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ከባድ ዜና ተቀዶ ተጥሏል። በሞቀ ሻይዎ፣ በማይቸኩለው ፊርማዎና በለጋሱ ቀይ እስክሪብቶዎ ዘላለም የምገዛ፣ አሥር ከአሥር ያገኘሁ ጥፋተኛ ተማሪዎ ነኝ።

ማሳሰቢያ፦ ዋናው ገጽ በእጄ ስለነበር «አንተ»ን በ«እርስዎ» ቀይሬ፣ ስምንተኛ ኮፒ አስነስቼ፣ በፖስታ አሽጌ፣ በበርዎ ሥር አስገብቼው ነበር። ቅጹን ልንወስድ ስንገባ በመስታወት ፍሬም ሆኖ ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሎ አየነው። አይጨነቁ፤ ነገሩ ቀላል ነው። ስምንት ከስምንት ብለው ውጤቴን ቢያስተካክሉልኝ ይበቃል።