ምላጭ አንገት ላይ ሆኖ የተሰጠ ድምፅ

ሸበቶው ወዳጄ፣

ያ የምትምልበት የሕዝብ አስተያየት ጥናት እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ አየሁልህ! ፀጉር ቤት ገብቼ፣ ፊቴን አረፋ ተቀብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ክራባት ያሰረ ጠያቂ ታብሌቱን ይዞ ከተፍ አለ። መስታወቱ ላይ ፀጉር አስተካካዩ የሚደግፈው ዕጩ ፎቶ ተለጥፏል። ጠያቂው ታዲያ ምላጭ አንገቱ ላይ ያረፈበትን ደንበኛ “ማንን ይመርጣሉ?” አይለው መሰለህ! ፀጉር አስተካካዩ እጁን ገታ አድርጎ መልሱን ጠበቀ። ሰውዬው ምን ይበል? “እሱን ነዋ!” አለ፣ በዓይኑ ወደ ፎቶው እየጠቆመ። ጠያቂው ወደ እኔ ዞረ። “እንግዳ ነኝ፣ እዚህ አልመርጥም” ብዬ ብነግረው “ግድ የለም፣ አስተያየት ነው” አለኝ። ቀጣዩ አንገት የእኔ ነው፤ “እሱን” አልኩ። እኛ ሰፈር ቢሆን ጠያቂው ራሱ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ አይወጣም ነበር።

ጠያቂው ሄዶ፣ ፀጉር አስተካካዩም ውሃ ሊቀዳ ጓዳ ሲገባ፣ ደንበኛው ጠጋ ብሎ “እሱን ከመረጥኩ ከምላሴ ላይ ፀጉር ንቀል!” አለኝ። በማግስቱ ሬዲዮው “የዕጩው ተቀባይነት ጨመረ” እያለ ሲለፍፍ፣ ዕጩውም “ሕዝቤን አውቀዋለሁ” ብሎ ሲኩራራ ሰማሁ። የጨመረው እኮ እኔ ነኝ! አንተ ደግሞ ይህንኑ ጋዜጣ ላይ አንብበህ ልትከራከረኝ።

የምጽፍልህ ፖስት ካርድ ሞላ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም ጉንጫቸውን። ምርጫው እስኪያልፍ ጢሜን አሳድጋለሁና፣ ስመጣ “ማነው?” ብለህ በር እንዳትዘጋብኝ።