ዝምተኛዋ ተከራዬ ምን ትጽፋለች?

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ቡናዬን ራሴ እለቅማለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ መሠረተ ትምህርት ይመስገን እንዲህም እጭራለሁ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ወጡንም የምሠራው ራሴ ነኝ። ያርራል፣ ይበላል።

የጓሮውን ክፍል ያከራየሁት ለሁለት የካምፓስ ልጆች ነው። ሰናይት ወሬኛ ናት፤ የቴፒ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃታል። ወይንሸት ግን ባስነጥስ እንኳ ይማርዎ አትልም። ላፕቶፗ ላይ ተደፍታ ብቻዋን ትስቃለች። ብቻውን የሚስቅ ሰው አላምንም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ማለዳ በሬን ቀስ አድርጌ ከፍቼ አዳመጥኩ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ሰናይትን ጠየቅኋት። «ብሎግ ነው አባባ። መምህሩ በየሳምንቱ ጻፉ ብሎን ነው፤ አገር ሁሉ ያነበዋል» አለች።

አገር ሁሉ! እኔ ቤት ተቀምጣ ስለ መንግሥት ብትጽፍ የሚጠየቀው ማን ነው? ለጎረቤቴ ለደምሴ፣ ስለ መንግሥት ስትጽፍ አየሁ ብዬ ነገርኩት። የቀበሌ ሰው ነው። «ዝም አይባልም» አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ደምሴ በአጥር ብቅ ብሎ «ልጅቷ የማን ናት? ሰኞ ቀበሌ ትጠራለች» አለኝ። አጠያየቁ አላማረኝም። ግን እኔ ምን አጠፋሁ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ምን አየሁ? ጠቅታ ነው የሰማሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ቡና ሳገላብጥ ሰናይት ልታግዘኝ መጣች። «የጓደኛሽን ጽሑፍ አንብቢልኝ» አልኳት። በስልኳ ከፈተችው።

«የኔን እንዳይጠይቁኝ ብቻ፤ አራት መስመር ነው፣ እሱም በግድ። እኔ የሰው ፊት ካላየሁ ወሬ አይጥመኝም። ወይኒ ደግሞ ሰው ፊት ምላሷ ይታሰራል፤ ብሎጓ ላይ ስትገባ ማን ያስቆማታል!» አለች።

አነበበችልኝ። ክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት እንደምትፈራ። እናቷ ጌጫ ገበያ ዶሮ ስትገዛ ከነጋዴው ጋር እንደምትሟገት። እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ቀጥሎ ስለ እኔ፦ «አከራዬ ቁጡ ይመስላሉ። ማለዳ ግን እንዳልነቃ ብለው በራቸውን ቀስ አድርገው ነው የሚከፍቱት።»

«አሞገሰችዎት እኮ! ምነው ፊትዎ ጠቆረ?» አለች ሰናይት። ጀንፈሉን ትቼላት ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። «ተሳስቻለሁ፤ የትምህርት ሥራ ነው» አልኩት።

«ለቀበሌው ሊቀ መንበር ነግሬዋለሁ። አሁን ምን ልበለው?»

«እንግዲያው አብሬያት እመጣለሁ።»

«አንተ ምን አግብቶህ?»

«ወሬውን ያመጣሁት እኔ!»

ሳቀብኝ። ሽማግሌ ዞረበት ይሉኝ ይሆናል። ይመኑኝ አይመኑኝ አላውቅም። ልጅቱ ዛሬም ስትጽፍ ነበር፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ማንም ሳያግዘኝ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ። ለሊቀ መንበሩ፣ ያላየሁትን እንዳየሁ ማውራቴን በራሴ አፍ መናገር። ለሰናይት፣ ያኮረፍኩበትን ምክንያት። ለወይንሸት፣ ማን እንዳሳጣት። እሱን ከቀበሌ ሳይሆን ከኔ ትስማው፤ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።