ሐኪሙ እስከ ዓርብ ነው

ግንቦት 2

ዛሬም ግቢው እሳት ነው። የባሌ ወንድም ሚስት፣ ኢክራም፣ ልጇን ያሲንን ራቁቱን ለቃዋለች፤ ባልዲው ውስጥ እየተንቦራጨቀ ይስቃል። የኔው አያን በሱሪው ላብ በላብ። አማቴ አዬዮ ዛሬም ጠየቀችኝ፤ በዚህ ሙቀት ልጁን ለምን ታፍኚዋለሽ? ብርድ መትቶታል አልኳት። ድሬ ላይ፣ በግንቦት! ራሴም ሳቄ መጣ።

ላንተ ነግሬሃለሁ ደብተሬ። የአያን የግራ የዘር ፍሬ ከሆዱ አልወረደም። ባሌ ያውቃል፤ ለእናቱ ትንፍሽ እንዳይል አስምዬዋለሁ።

አዬዮ ያሲንን ባየች ቁጥር ማሻአላህ፣ ወንድ ማለት እንዲህ ነው ትላለች። ፊቴን አዞራለሁ። ልጁ ምን አደረገኝ? ምንም። በሕፃን ቂጥ የምቀና ሴት ሆኛለሁ።

ግንቦት 5፣ ከሰዓት

ሆ/ል ነበርን። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ከአ.አ. መጥቷል፤ የሚቆየው እስከ ዓርብ ነው። አያንን አጋድሞ ብሽሽቱን ዳሰሰ። ፍሬው እዚህ ቀርቷል አለ። ስድስት ወር ካለፈ በራሱ አይወርድም፤ ዓመት ተኩል ሳያልፈው ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ቆይቶ ከሆነ ኋላ ለመውለድ ሊያስቸግረው ይችላል። በብርድ የሚሸሽ ፍሬ ሌላ ነው፤ እሱ በሞቀ ውሃ ይወርዳል።

ረቡዕ ይሠራል። ቀላል ነው ይላል ዶ/ሩ። ለሱ።

ግንቦት 6

ኢክራም ቀፊራ ገበያ ልትሄድ፣ ያሲንን እጠቢልኝ አለችኝ። ውሃው ፀሐይ ላይ ውሎ ሞቋል። ሳሙና ስቀባው እጄ ቆመ። በቀኝ በኩል ባዶ። ውሃው ውስጥ አቆየሁት። ደግሜ ዳሰስኩ። ባዶ።

ያ ሁሉ ማሻአላህ! ሁሌ የሚታየውን ማን ልብ ብሎ ያየዋል።

ደብተሬ፣ ደስ አለኝ። ልጁን እያለባበስኩ አንጎራጎርኩ። ከአያን በሦስት ወር ይበልጣል፤ ዓመት ተኩሉ ደርሷል። ይህን እያወቅኩ አንጎራጎርኩ።

ኢክራም ስትመለስ ምንም አላልኳትም።

ግንቦት 7፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ተሠራ። ደህና ነው። ነርሷ ከእቅፌ ስትወስደው ጮኸ፤ እኔም ኮሪደር ላይ ስንሰቀሰቅ ቆየሁ። ሲወጣ ከንፈሩ ደርቋል፤ ብሽሽቱ ላይ ትንሽ ፋሻ። ፍሬው ቦታው ገብቷል ተባልኩ። አልሐምዱሊላህ።

አሁን የኔ ልጅ ሙሉ ነው፣ የኢክራም አይደለም። ሳስበው ይጣፍጠኛል።

ባሌ ዛሬ ለእናቱ ነገራት። አዬዮ መጥታ አያንን እያገላበጠች ሳመችው። ቀጥላ፣ እንኳን ያሲን ጤነኛ ሆነልን አለች። ነገሩ አፌ ድረስ መጣ። ያኔ ብናገር አማቴን ለማቃጠል ብቻ ነበር። ዋጥኩት።

ግንቦት 8

ጠዋት ኢክራም ሾርባ ይዛ መጣች። ለምን ደበቅሽኝ ብላ ተቆጣችኝ፤ አብሬሽ ሆ/ል እሄድ አልነበር? ደግነቷም ያስቀናል። አያን እቅፏ ውስጥ ተኛ፤ ይሄም አናደደኝ።

ቀኑን ሙሉ ሥራ እምቢ አለኝ። ነገ ዶ/ሩ ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ብነግራት፣ ዓይንሽ ነው ትለኛለች። ምቀኛ ብትለኝም እውነቷን ነው፤ ነኝ። ዝም ካልኩ ግን ያ ልጅ እፊቴ ያድጋል፣ ያገባል፣ ልጅ ይጠብቃል። እኔም እያወቅኩ አብሬ ዱዓ ላደርግለት ነው?

ከምሽቱ 1 ሰዓት

ነገርኳት። እጇን ይዤ ባዶውን ቦታ አስዳሰስኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

ዛሬ ማለት እችል ነበር። ማክሰኞ አልኳት።

ልጇን አንስታ ወጣች። በር ላይ ቆማ፣ ነገ በጠዋት ሐኪሙ ሳይሄድ ይዤው እሄዳለሁ፣ አንቺ እንዳትመጪ አለችኝ።

እኔም እሄዳለሁ።